አራት ጣት ትርፍ

ኅዳር 3

ዚፕ፣ ዚፕ፣ ዚፕ… ዛሬ ሌላ ሥራ አልነበረም። የሰው ጃኬት ሁሉ ብርድ ሲመጣ ነው የሚበላሸው? ወይስ ያን ጊዜ ነው ትዝ የሚላቸው? ባለሜትሩ ገና ሳንቀመጥ "ዛሬ ወሬ የለም" ብሎ ጀመረ። ባለሜትሩ ያልኩት አለቃችንን ነው። ሜትሩን ካንገቱ ሲያወርድ አይተነው አናውቅም፣ ሳይተኛበትም አይቀርም። ቁልፌ "አንተ እያለህ ወሬ ከየት ይመጣል" አለችው። ምስጋና መስሎት አለፈ። አጎንብሰን ሳቅን። ቁልፌ ካጠገቤ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋ ናት፤ እዚህ ቤት አብረን ነው ያረጀነው።

እማዬን ሳሉ አልለቀቃትም። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲጨርስ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ ነገረኝ። ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ልጄ ድንቡሼ አፍንጫዋ ቀልቶ ገባች። ትኬት የምትቆርጥበት መስኮት መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል፣ የሚጠግነው ጠፋ፤ የአውቶቡስ ጣቢያው ነፋስ በሙሉ ልጄ ሆድ ላይ ነው የሚያርፈው። ጃኬቷ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አልቆለፍ ብሏል። ሆዷ ገፍቷል። "ሁለታችንን አልችልም አለኝ" ብላ ወንበር ላይ ወረወረችው።

እንግዲህ የካፖርቱ ተራ ደረሰ።

ኅዳር 5

እማዬን ጠየቅኳት። አይሆንም አለች። ምክንያት የለ፣ ምን የለ። አይሆንም ብቻ።

ለምን ደነገጥኩ? ስለ ካፖርቱ አይሆንም ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ሱፍ፣ ቅድመ አያቴ በገዛ እጇ የቆረጠችው። በሁለቱም ጎን፣ ከስፌቱ በስተውስጥ፣ አራት ጣት ስፋት ያለው ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ትታበታለች። በቤታችን ሴት ልጅ ስታረግዝ ካፖርቱ ወደሷ ያልፋል። እናቷ ስፌቱን ተርትራ ታሰፋላታለች፤ ስትወልድ መልሳ ታጠብላታለች። ትርፉ እዚያው ተጣጥፎ ቀጣይዋን ይጠብቃል። መቀስ ግን አይነካውም፤ ያ ሕግ ነው። ለአያቴ እናቷ አሰፋችላት፣ ለእማዬ አያቴ አሰፋችላት። እኔ ድንቡሼን ያረገዝኩት በሙቀቱ ወራት ስለነበር ሳይደርሰኝ ቀረ። ያኔ እማዬ "ዕድለኛ ነሽ፣ ከሸክም ተረፍሽ" ያለችኝ ትዝ ይለኛል። ሸክም… ሱፉ ከብዷት ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየብርዱ የምትለብሰው እሷው ናት። አሁን ግን ከአልጋ አትወርድም። ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ለማን ይሞቃል?

ኅዳር 11

ተጣላን።

እንደገና ጠየቅኳት፣ እንደገና አይሆንም። ደሜ ፈላ። ባል ስለሌላት ነው አይደል አልኳት። ያ ሰውዬ ድንቡሼን ጥሏት ከሄደ ወዲህ እማዬ ስለ እርግዝናው አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ይህን ሁሉ ጊዜ እያየሁ ሳከማች ነበር ለካ። ወጣልኝ። የልጅ ልጅሽ እንደ ሰው አልሞላልሽም፣ አፍረሽባታል አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"አንቺ ልጅ፣ በማታውቂው አትግቢ።"

ሾርባዋ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ። ለታመመ ሰው እንዲህ ይባላል? አፌን በቆረጠው። ግን ደግሞ አሁንም ተናድጃለሁ።

ኅዳር 12

ትራሷን አስተካከልኩላት። አመሰገነችኝ፣ እንደ እንግዳ።

ኅዳር 19

ድንቡሼ ታመመች። ደረቷ ውስጥ ገብቷል ብርዱ፤ ስታስል ሆዷን በሁለት እጇ ትይዛለች። የክሊኒኳ ነርስ ሞቅ ያለ ነገር ልበሺ ብላ ገሠጸቻት። ሞቅ ያለ ነገር! ይህን ለመስማት ነው ግማሽ ቀን ወረፋ የጠበቅነው። ፈቃድ የለም፣ ነገ ወደ መስኮቷ መመለስ አለባት።

ከዚህኛውም ክፍል ሳል፣ ከዚያኛውም ክፍል ሳል። መሃል ላይ እኔ።

አዲስ ልስፋላት? ልብስ ሰፊ አይደለሁ? እንደምንም ጨርቅ አይጠፋም። እውነቱን ልናገር… ጨርቁ አይደለም ነገሩ። ልጄ ተራዋን እንድታገኝ ፈልጌያለሁ። ባል ባይኖራትም ከነዚያ ሴቶች አንዷ ናት። እልህ ይዞኛል፣ አውቀዋለሁ።

ኅዳር 21

ወሰድኩት።

እማዬ እንቅልፍ ሲወስዳት ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ማጠፊያው ጮኸ። አልነቃችም። በከረጢት አድርጌ ወደ ሥራ ይዤው ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ ቀረሁ። በሁለት ቀን ምሳ ሰዓት ተርትሬ፣ አስፍቼ፣ ተኩሼ ቦታው እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ድንቡሼ ለብሳው ስታያት ልቧ ይራራል… እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ገበሩን ፈታሁ። እጅጌዎቹን አወጣሁ። የጎኑን ስፌት ተረተርኩ። ጣቴን ወደ ውስጥ ሰድጄ ትርፉን ፈለግኩ።

የለም።

በሌላኛው ጎን ፈታሁ። እዚያም የለም። ከፊቱም ከጀርባውም በመቀስ ተቆርጧል፣ ቀጥ ተደርጎ። ስፌት የሚይዝበት ያህል ብቻ ቀርቷል። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር በእጅ ተዘምዝሟል፤ ስፌቱ ደግሞ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ይህን ስፌት የትም ባየው አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤት ቀሚሴ ላይ ነበር፣ የትራስ ልብሳችን ላይ አለ። በቤታችን በግራ እጇ የምትሰፋ እማዬ ብቻ ናት።

ቁልፌ ስትመለስ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው አለችኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኩ።

ቆርጣ ምን አደረገችው? ቦርሳ ሰፋችበት? ለሰው ሰጠችው? ለካ አይሆንም ያለችው ጉዷ እንዳይወጣ ነው። እኔን መቀስ ሳነሳ እጄን ትመታኝ የነበረች ሴትዮ!

ካፖርቱ አሁን ካፖርት አይደለም። ፊቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ እጅጌው ለብቻ፣ ጠረጴዛዬ ሥር በከረጢት ተጠቅጥቋል። እንዳለ ብሰፋው እንኳ ለድንቡሼ አይሆንም። ከእንግዲህ መጥበብ እንጂ መስፋት አይችልም።

ኅዳር 22



ከሥራ ስገባ እማዬ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ብርድ ልብስ ደረብኩላት፣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ እግሯ ሥር አደረግኩላት፣ እምቢ አለ። "ካፖርቴን አልብሺኝ" አለች። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም… ዛሬ!

ለእጥበት ሰጠሁት አልኳት።

እጄን ያዘች። ጣቶቼን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻቸው። ጥፍሬ ሥር ጥቁር የሱፍ ብናኝ። ልብስ ሰፊ አድርጋ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ማንን አታልላለሁ?

"ፈታሽው?"

እጄን ልስብ ስል አልለቀቀችኝም።

"አየሽ እንግዲህ።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ትንፋሽ እያጠራት፣ እያረፈች ነገረችኝ። ከኔ በፊት ልጅ ነበረች። አያቴ ካፖርቱን ያሰፋችላት ለሷ ነው። ጊዜዋ ሳይደርስ ተወለደች። አላለቀሰችም፣ ዓይኗንም አልገለጠችም። እንደዛሬው ያለ ብርድ ነበር። ያዋለዷት ሴቶች ስስ ነጭ ጨርቅ አምጥተው ጠቀለሏት፣ ከዚያ እማዬ ትሰናበታት ብለው ከክፍሉ ወጡላት።

"መስኮቱን አየሁት። ነፋሱ ያንን ዛፍ እንዴት ያደርገዋል… ይበርዳታል ብዬ ነው።"

ካፖርቱን ተረተረች። ትርፉን ከየጎኑ ቆረጠችው። ቁርጥራጮቹን ጎን ለጎን ገጣጥማ ሰፋቻቸው። ለጨቅላ ይበቃል አለችኝ። በነጩ ጨርቅ ውስጥ አለበሰቻት፣ እንዳይታይ። ሰው ቢሰማ አበደች ይላል ብላ ለማንም አልተናገረችም፣ ለእናቷም። ካፖርቱን አጥብባ መልሳ ሰፋችው። እኔን ስታረግዝ ሳትቆልፈው ከረመች። አያቴ ለምን ከፍተሽ ትሄጃለሽ፣ አምጪው ላሰፋልሽ ስትላት "ሞቀኝ" ትላት ነበር።

በዚያ ብርድ። ሞቀኝ።

የባሉን ነገር ስታነሺ በማታውቂው አትግቢ ያልኩሽ ለዚህ ነው አለችኝ። ያንን ሰውዬማ ሳይሄድ በፊት እኔ ብገፈትረው ደስ ባለኝ… ሳቀች፣ ሳሉ መጣ፣ ሳቋን በላው። ከዚያ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ለሙት ተብሎ የተቆረጠ ልብስ ነው፣ ሆዷ ላይ እንዳታደርጊባት። ሌላ ስፊላት፣ የፈለግሽውን አድርጊላት፣ ይህንን ግን አይሆንም።

እሺ አልኳት።

ኅዳር 23

እህት ነበረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰማሁ።

ስሟን ጠየቅኳት። "ሳናወጣላት" አለች።

ኅዳር 24

ቢያንስ ለእማዬ ልመልስላት፣ እንደነበረው አድርጌ። ይሞቃት። ሌላው ሁሉ ይቅር።

ባለሜትሩ የጥበቃ ሠራተኞች ዩኒፎርም ትእዛዝ ይዞ መጣ፣ ያውም አስቸኳይ። ግራጫ ጨርቅ በየጠረጴዛው ተቆለለ። ቀና የምልበት ጊዜ አጣሁ። ቀኑን ሙሉ ከረጢቱ እግሬ ሥር ነው፣ በጫማዬ ጫፍ እየነካሁ አለ ወይ እላለሁ። አስፈቀድኩት። እናትሽ ሁልጊዜ እንደታመሙ አይደል እንዴ አለኝ። ቁልፌ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ "አንተን እናትህ ብትሰማህ ትታመም ነበር" አለችው። ይህኛው ገባው። ሥራሽን ማን ይጨርሳል ሲለኝ እኔ አለሁ አለች።

ከረጢቴን አንስቼ ወጣሁ።

ኅዳር 25

አልደረስኩም።

የእጅ መርፌ ይዤ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጅጌውን ልግጠም ስል ጥርሷ መንገጫገጭ ጀመረ። ከንፈሯ ሌላ ቀለም ሆነ። መርፌውን ጣልኩት። ጀርባውን፣ ትልቁን ቁራጭ፣ አንስቼ ከብርድ ልብሱ ሥር ደረቷ ላይ ዘረጋሁላት። በጣቶቿ ዳበሰችው።

"ይኼ የቱ ነው?"

"ጀርባው ነው እማዬ።"

"ሌላውስ?"

"ይሰፋል።"

"ለማን?"

ለሷ ነው የምሰፋው… ግን ለሷ እንደማይደርስ ሁለታችንም እናየው ነበር። ድንቡሼ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች። ያንን የማይቆለፍ ጃኬት በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው አፏን ይዛ፣ ሳሏን ልታፍን ትታገላለች። እማዬ ራሷን አዞረች። ረጅም ጊዜ አየቻት። ፊቷን አየች፣ ከዚያ ሆዷን።

"ሰፋ አድርጊው" አለች።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው የለም።

ኅዳር 26

እማዬ አረፈች። ማለዳ።

ታኅሣሥ 1

በነጋታው ቀበርናት። ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር፣ አሁን ወንበሩ ብቻ ቀርቷል።

ሲገንዟት አንዷ ሴትዮ የካፖርቱን ጀርባ ከደረቷ ልታነሳ ስትል እጇን ያዝኩት። ተይው አልኩ። ቁራጭ ጨርቅ እኮ ነው፣ ለቤት ይሆንሻል አለችኝ በደግነት።

"ይበርዳታል" አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሴቶቹ ተያዩ። ይተያዩ። እማዬ በዚያ ክፍል ብቻዋን መቀሱን ስታነሳ ምን እንደተሰማት እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የገባኝ መስሎኝ ነበር። አልገባኝም ነበር።

ከነሱፏ ሄደች።

ታኅሣሥ 4

አልጋዋን ወደ መስኮቱ የገፋነው እሷ ስለፈለገች ነበር። አሁን ማንሳት አቃተኝ። ምንጣፉ ላይ የእግሮቹ ጉድጓድ አለ።

ዕቃዋ ውስጥ ሌላ የሚወረስ ነገር የለም። መቀሷ፣ መርፌዎቿ፣ መነጽሯ። የካፖርቱ ፊትና እጅጌ ወንበር ላይ ተጣጥፏል። ጀርባ የሌለው ልብስ ምን ይባላል?

ታኅሣሥ 6

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰፋ አድርጊው ያለችው ለማን ነው? ከዚያ በፊት አጥብቃ እንዳታለብሻት ብላኛለች፣ እኔም እሺ ብያታለሁ። ምናልባት ለራሷ ይሆን? ትኩሳት ላይ ነበረች። ምናልባት እኔን አያቴ አድርጋኝ ይሆን?

ግን ለራሷ ብትሆን ሰፋ አድርጊው ትላለች? ምን ቀርቷት? ያቺን ሰውነት እኔው ነኝ ያጠብኳት። አጥንትና ቆዳ። ለራሷ ቢሆን አጥብቢው ነበር የምትለው። ዓይኗ ደግሞ የት ነበር? ድንቡሼ ሆድ ላይ።

ሐሳቧን ቀይራለች። አይታት ቀይራለች። እንደዚያ ነው የማምነው… ማመን ስለፈለግኩ ይሆን?

ብቻዬን አልወስነውም። የምትለብሰው ትወስን።

ታኅሣሥ 8

ለድንቡሼ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳልሸራርፍ። ሕፃኗን፣ መቀሱን፣ እማዬ በብርድ ሞቀኝ ስትል መክረሟን፣ እንዳታለብሻት ማለቷን፣ በመጨረሻ ደግሞ ሰፋ አድርጊው ማለቷን። ነፍሰ ጡር ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? ስናገር ሆዷን እያየሁ ነበር። ካልፈለግሽ ዛሬውኑ ቆራርጬ ሌላ ነገር እሰፋበታለሁ፣ ወይ አቃጥለዋለሁ አልኳት።

እንባዋ ወረደ፣ በክንዷ ጠረገችው።

"አክስቴ አይደለች እንዴ?"

ምን አልሽ አልኳት።

"ያቺ ልጅ። አክስቴ ናት እኮ። ከአክስቴ የተረፈ ልብስ ነው፣ ምን ያስፈራል? ስፊልኝ እማ።"

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ ከሞተች ወዲህ በደንብ ያለቀስኩት ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 13

ጥቁር ሱፍ ፈልጌ አጣሁ። የሚመስለው የለም፣ ያለውም ስስ ነው። ከጥበቃዎቹ ዩኒፎርም የተረፈ ግራጫ ጨርቅ አለ፣ ወፍራም፣ ነፋስ የማያስገባ። ባለሜትሩን ለመጠየቅ ሄድኩ። እማዬ ከመሞቷ በፊት የተናገረው ነገር ከብዶት እንደሆነ እንጃ፣ ጥቅሉን ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ሜትሩንም ካንገቱ አውርዶ ሰጠኝ። ቁልፌ አፏን ይዛ ቀረች።

በእማዬ መቀስ ቆረጥኩት። ግራ እጅ የለመደ መቀስ ነው፣ ለኔ አይመችም፣ አውራ ጣቴን ላጠው። የፊቱ ትርፍ ስለሌለ ስፋቱን ሁሉ ከጀርባው አመጣሁት። የጎኑ ስፌት ወደ ፊት ይሳባል፣ ባለሙያ ሲያየው ያውቃል። ይወቅ። ከውስጥ በሁለቱም ጎን አራት ጣት ተውኩ። በአራት ጣቴ ለካሁት፣ በሜትር አይደለም።

የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ተተርትረው ነበር። ቁልፌ ሳልጠይቃት ወስዳ አደሰቻቸው።

ድንቡሼ ለካችው። መስታወቱ ፊት ዞረች፣ ጀርባዋን ለማየት አንገቷን ጠመዘዘች።

"ከፊት እመቤት፣ ከኋላ ዘበኛ" አለች።

ሳቅን። ሁለታችንም ወደ ባዶው አልጋ አየን፣ እሷም እንድትስቅ ጠብቀን።

ታኅሣሥ 16

ዛሬ አውቶቡስ ጣቢያው ጢም ብሏል። ከሥራ በፊት በዚያ በኩል ዞሬ ሄድኩ። መስታወቱን አሁንም አልጠገኑትም፣ ካርቶን ለጥፈውበታል፤ ካርቶኑንም ነፋስ ግማሹን ገንጥሎታል። ወረፋው ውስጥ ቆሜ ሳታየኝ አየኋት። ጥቁሩን ካፖርት እስከ ታች ቆልፋዋለች። ሳሏ አልጠፋም፣ ግን ሆዷን መያዝ ትታለች፣ እጆቿ ትኬት ላይ ናቸው።

ተራዬ ሲደርስ "ወዴት ነሽ እናቴ?" አለች ቀና ሳትል። ከዚያ አየችኝ።

በጓሮው በር ገባሁ። ካፖርቱ ሰውነቷ ላይ አስጨናቂ ሆኖ ተሰማኝ… ጥቁሩ ፊቱ እማዬ፣ ግራጫው ጀርባው እኔ፣ መሃል ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር። ይወለድ ይሆን? ደህና ይወለድ ይሆን? እማዬ ያቺን ጥያቄ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ተሸክማ ኖራለች። አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው፣ እንደ ካፖርቱ።

ብርድ ይሰማሻል ወይ አልኳት።

"ሞቀኝ" አለች።

ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ። እጄን ከኮሌታው ሥር፣ ከአንገቷ ኋላ አስገባሁ። ቀዝቃዛው እጄ ሲነካት ጮኸች፣ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን።

አልቧት ነበር።